የኩባ ዋንጫ ምንድን ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ ይህ ኩባ የፊደል ካስትሮ አገር አይደለም። በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በካሳይ አካባቢ የሚኖር ሕዝብና የጥንት መንግሥቱ ስም ነው። የኩባ ዋንጫ የሚባለውም ከአንድ ጉማጅ እንጨት ተፈልፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በሰው ራስ ቅርጽ የሚሠራ የዘንባባ ጠጅ መጠጫ ነው።

ጠጅ እንበለው እንጂ ማር የለበትም። ከራፊያ ዘንባባ የሚቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽ ጌሾ ሳይገባበት በራሱ ይፈላል፤ ጠዋት ጣፋጭ የነበረው ማታ ያሰክራል፣ ሲያድር ይኮመጥጣል። ለነገ የሚቀመጥ መጠጥ ስላልሆነ በዕለቱ ከሰው ጋር ተቀምጠው ይጨርሱታል። ዋንጫውም ታዲያ ሁልጊዜ ሰው ፊት የሚወጣ ዕቃ ነበር።

ለእንጨት ዋንጫ ያን ያህል የተለፋውም ለዚሁ ነው። በኩባ መንግሥት ከንጉሡ በታች የማዕረግ ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ወንዶቹም ለሹመት ይሽቀዳደሙ ነበር። ባለማዕረጉ በልብሱ፣ በባርኔጣው፣ በቢላዋው ማንነቱን ያሳያል፤ ተቀምጦ ሲጠጣ ደግሞ በዋንጫው። ጎረቤቱ የሚያምር ካስቀረጸ እሱ የባሰ የሚያምር ያስቀርጻል። እንግዲህ ለዚህ ጥበብ ማማር ከሃይማኖት ይልቅ ፉክክር የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም ባይ ነኝ።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የራሱ አናት ክፍት ነው፤ መጠጡ የሚቀዳው በዚያ ነው። አንገቱ ወደ ታች ሰፍቶ መቆሚያ ይሆናል፤ ከኋላ እጀታ ያለውም አለ። የፀጉሩ መስመር በግንባሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጆሮ ግንዱ ጋ በማዕዘን ይሰበራል፤ ኩባዎች ፀጉራቸውን የሚላጩት እንደዚያ ነበር። ዓይኖቹ ከደን ያሉ ናቸው። በጉንጩና በጆሮ ግንዱ ላይ የንቅሳት መስመሮች ተቀርጸዋል፣ ማጅራቱ ላይ እንደ ስፌት የተጠላለፈ ሐረግ ይወርዳል። አንዳንዱ የበግ ቀንድ የመሰለ ቀንድ አለው፤ የሥልጣን ምልክት ነው። ሙሉ ሰው ሆኖ በሁለት እግሩ የቆመም አይጠፋም። መልኩ ግን የአንድ የታወቀ ሰው ምስል አይደለም። እንጨቱን የሚያቀላው ቱኩላ ነው፤ ከቀይ እንጨት ተፈጭቶ በዘይት የሚለወስ ዱቄት ሲሆን፣ ሰዎቹ ገላቸውንም ይቀቡት ነበር።

ከጎረቤት ሕዝቦች ሌሌዎችና ዎንጎዎችም ተመሳሳይ ዋንጫ ይቀርጻሉ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ባለሙያንም ያከራክራል። ወደ ምዕራብ ያሉት ሱኩዎች ግን መንገዳቸው ሌላ ነው። ኮፓ የሚባለው ዋንጫቸው ትንሽና ሁለት አፍ ያለው ነው፤ የጎሳው አለቃ እንጂ ሌላ ሰው አይጠጣበትም።

ወደ ውጭ ከወጡት ቀደምት የኩባ ዕቃዎች መካከል ዊልያም ሸፐርድ የሰበሰባቸው ይገኙበታል። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ለውጭ ሰው ዝግ ወደነበረው የኩባ መናገሻ ገባ፤ ክምችቱም ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ከእሱ በኋላ ሃንጋሪያዊው ኤሚል ቶርዳይ ብዙ ሰብስቦ ለብሪቲሽ ሙዚየም አስገባ። ገዢው ሲበዛ ለገበያ ተብሎ የሚቀረጸውም በዛ። ስለዚህ አዋቂዎች ዋንጫ ሲመረምሩ ፊቱን ብቻ አያዩም፤ ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ መለስለሱን፣ እጅ የሚይዘው ቦታ ማብረቅረቁን፣ ውስጡም በመጠጥ መጥቆሩን ያያሉ። አስመሳዮቹም ይህን ስለሚያውቁ ጠርዙን ፈግፍገው፣ ውስጡን አጥቁረው ያቀርባሉ።