የሸመገለ እስስት ጤና በጣና ዳር

እስስት በአማርኛ ስሙ የጠፋ እንስሳ ነው። ቃሉን የምናነሳው ብዙ ጊዜ አቋሙ የማይጨበጥ ሰው ለመንቀፍ ነው። ባሕር ዳር አጥር ላይ ከታየ ልጆች ድንጋይ ያነሱበታል። መርዛም መስሎት የሚሸሸውም ብዙ ነው። እስስት ግን መርዛም አይደለም። ቀለሙን የሚቀይረውም ማንንም ለማታለል ብሎ አይደለም። ሲሞቀው፣ ሲበርደው፣ ሲቆጣ፣ ሲፈራ፣ ሲታመም ቆዳው ይናገራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀለሙ እንዴት እንደሚቀየር በአንድ የማዳጋስካር ዝርያ ላይ አሳይተዋል። በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። እነሱ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ከቆዳው የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል። እስስት ቤቱ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሌላ እንሽላሊት የሚሸሽገውን ሕመም የእስስት ቆዳ አንዳንዴ ያወጣዋል።

አንዳንዴ ያልኩት በምክንያት ነው። እስስት ሕመሙን ደባቂ ነው። ዱር ውስጥ ደክሞ መታየት የአሞራ ቀለብ መሆን ነው። ስለዚህ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ይወድቃል። ባለቤቱም «ትናንት እኮ ደህና ነበር» ይላል። ትናንትም ደህና አልነበረም። ያረጀ እስስትን መከታተል ማለት ያችን ዝግ ያለች ለውጥ ከመውደቁ በፊት ማየት ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየዕለቱ በአንድ ሰዓት የሚያይ ዓይን፣ ትንሽ ሚዛንና አንድ ደብተር ይበቃል።

እርጅናው ከመቼ ይቆጠራል? እንደ ዝርያው ነው። በዓለም ላይ ከ200 በላይ የእስስት ዝርያዎች አሉ። ግማሽ ያህሉ ማዳጋስካር ላይ ነው የሚኖሩት። ከእነሱ አንዱ፣ የላቦርድ እስስት የሚባለው፣ ከተፈለፈለ በኋላ የሚኖረው አራትና አምስት ወር ብቻ ነው። በየቤቱ በብዛት የሚረባው የየመን እስስት ደግሞ ወንዱ በጥሩ አያያዝ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ይደርሳል። ሴቷ ቀድማ ታረጃለች፤ እንቁላል መጣሉ ያደክማታል። እኛም የራሳችን ዝርያዎች አሉን። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ድረስ የመጣው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቀው የደጋው እስስት አንዱ ነው። ዕድሜው በትክክል የማይታወቅ እስስት ከሆነ ቁጥር ከመፈለግ ይልቅ ሰውነቱን ማየት ይሻላል። አወጣጡ ከዘገመ፣ አደኑ ከቀነሰ፣ ሌሊት ረዥም ሰዓት ከተኛ፣ ቆዳውን ሲቀይር ቁርጥራጩ ጣቱና ጅራቱ ላይ ከቀረ፣ ሸምግሏል።

ወደ ክትትሉ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከዘጌ ጫካም ሆነ ከሰፈር አጥር እስስት ይዞ ቤት ማስገባትን አልደግፍም። ሕጉም አይደግፍም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳ ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱር እንስሳትና እጽዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት አባል ናት። የጣና አካባቢም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ግን ዓመታት ቤት ውስጥ ኖሮ ያረጀን፣ ምናልባትም እግሩ ተሰብሮ የተነሳን እስስት ዛሬ ወስዶ ዛፍ ላይ መተው ርኅራኄ አይደለም። ራሱን አይችልም። ለእንዲህ ያለው የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ማማከርና እስከ መጨረሻው መንከባከብ ነው ያለው።

እንግዲህ ክትትሉ። ከሁሉ በፊት ሚዛን ነው። በግራም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከመብላቱ በፊት ይመዘን። አጭር እንጨት ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ እስስቱ ራሱ እንዲወጣበት ማድረግ ይሻላል። ሆዱን ጨብጦ ማንሳት ያስደነግጠዋል፤ ያረጀ አጥንትም አይችለውም። አንድ ቀን ሁለት ግራም ቢጎድል ወይም ቢጨምር ጉዳዩ የምግብና የውሃ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከክብደቱ አሥር በመቶ ከጎደለ ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። 100 ግራም የነበረ እስስት 90 ገባ ማለት ነው። በዓይን አይታይም። ደብተሩ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለዚህ ነው ሚዛኑን የማስቀድመው። ሚዛኑ የወጥ ቤቱ አይሁን። እንሽላሊት ነክ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ያለበት ቤት የበለጠ ይጠንቀቅ።

ቀጥሎ ዓይን። የእስስት ሁለት ዓይኖች ለየብቻ ይዞራሉ። ጤነኛ ዓይን ሞልቶ ወጣ ያለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይቃኛል። ቀን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ እስስት ታሟል። «ደክሞት ነው፣ አርጅቷል» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። እርጅና ብቻውን ቀን ላይ ዓይን አያስጨፍንም። ወደ ውስጥ የጎደጎደ ዓይን ብዙ ጊዜ የውሃ ጥም ምልክት ነው። ያበጠ ዓይን የኢንፌክሽን ወይም የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። ጭጋግ የመሰለ ነገር ብሌኑ ላይ ከታየ ደግሞ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ በሽማግሌ እስስት ላይ ይመጣል። ሞራ ያለበት እስስት ያነጣጥርና ይስታል። ምላሱ ፌንጣውን አልፎ ይሄዳል። ያኔ ምግቡን በእጅ ወይም በወረንጦ አፉ ድረስ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ምላስ ሌላም ነገር ይነግራል። ምላሱ እንደ ድሮው ካልተወረወረ፣ አጠር ካለ፣ ወይም ወጥቶ ለመመለስ ከዘገየ፣ የካልሲየም እጥረት ይጠርጠር። መንጋጋው ሲነካ ላላ ካለ፣ ክንዱ ከጎበጠ፣ ቅርንጫፉን የሚጨብጥበት ኃይል ከቀነሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ልጅ ላይ ሪኬትስ የምንለው የአጥንት መልፈስፈስ ዓይነት ነው። መነሻው የካልሲየም ማነስ፣ ወይም ካልሲየሙን አጥንት ላይ የሚያደርሰው የፀሐይ ብርሃን ማነስ ነው። የፀሐዩ ጠቃሚ ጨረር መስታወት አያልፍም። ከመስኮት ጀርባ የተቀመጠ እስስት ይሞቃል እንጂ አጥንቱ ከፀሐዩ አይጠቀምም።

ኩሱን ማየት ደስ አይልም፤ ግን ያለ ደም ምርመራ ስለ ኩላሊቱ ፍንጭ የሚሰጠው እሱ ነው። የእስስት ኩስ ሁለት ክፍል አለው። ቡናማው ዓይነ ምድር ነው። ነጩ ሽንቱ ነው፤ ዩሪክ አሲድ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ጫፉ ትንሽ ቢጫ ቢል አያስጨንቅም። ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ከሆነ ውሃ ጎድሎታል። ለወጣቱ ይህ በአንድ ቀን ውሃ ይስተካከላል። ለሽማግሌው ግን የውሃ ጥም ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ዩሪክ አሲዱን አላወጣ ብሎ መገጣጠሚያ ላይ ያከማቸዋል። ያው ሪህ ነው፣ ሰው ላይ የምናውቀው። ጣቶቹና ክርኖቹ ያብጣሉ፤ መውጣት ያመዋል።

አተነፋፈሱን አጭር ላድርገው። ሙቀት ሳይበዛ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ አፉ ጥግ አረፋ ወይም ዝልግልግ ያለው፣ ሲተነፍስ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የሚሰማበት እስስት የሳምባ ኢንፌክሽን ሊኖረው ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም፤ ሐኪም ዘንድ ነው።

ሴት ከሆነች አንድ ተጨማሪ አለ። ወንድ ባታይም እንቁላል ልትሠራ ትችላለች። ሆዷ አብጦ፣ መሬት ለመሬት እየዞረች፣ እየቆፈረች ሳትጥል ከቀረች እንቁላሉ ተይዞባት ይሆናል። በዕድሜ የገፋች እስስት በዚህ ትሞታለች። እርጥብ አሸዋና አፈር የያዘ ጥልቅ ባልዲ ሁልጊዜ ቢኖራት መልካም ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዳር አየር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለእስስት የምትስማማ ከተማ ናት። ጠዋት ጤዛ አለ፤ ቀን ሞቅ ይላል፤ ማታ ይቀዘቅዛል። ለሽማግሌ ግን ሦስት ወቅት ያስቸግራል። አንዱ ታኅሣሥና ጥር ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጠዋት ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ጠፍጥፎ ይቀመጣል። ጥቁር ቀለም ሙቀት ይስባል፤ ይህ ጤነኛ ነገር ነው። እስከ እኩለ ቀን ጠቁሮ ከቀረ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ሌላው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ለቀናት ላይወጣ ይችላል፤ ያኔ ምግብ አይፈጭም። ባልሞቀ ሆድ ውስጥ የገባ ፌንጣ ይበላሻል። ስለዚህ በደመናማ ቀን ምግብ ይቀነስ። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ጥላ የሌለው ሳጥን ይገድላል። የመስታወት ሳጥን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሆንም። የወንፊት ሽቦ ሳጥን፣ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ።

ውሃ ከሳህን አይጠጣም። የሚጠጣው ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው። ቀላሉ ዘዴ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ቂጡን በመርፌ በስቶ ሳጥኑ አናት ላይ መስቀል፣ ጠብታው ቅጠል ላይ እንዲያርፍ ማድረግ። ለሽማግሌ ጠዋትና ማታ፣ ሳይቸኩል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። አንዳንዱ መጠጣት የሚጀምረው ጠብታው ከወረደ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው።

ምግቡ ላይ በጣም የምፈራው መድኃኒት ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ የጫት ማሳ በተባይ መድኃኒት ይረጫል። ከዚያ የተያዘ ፌንጣ መርዝ ይዞ ነው የሚመጣው። ለወባ ተብሎ ቤት የተረጨ ሰሞን ከግድግዳው ላይ የተለቀመ ዝንብም እንደዚያው። ሌላ የማይጠረጠር ነገር አለ፦ አጎበር። አሮጌ አጎበር ለእስስት ቤት መረብ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ክሩ ውስጥ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት አለበት። አይሁን። ቅርንጫፍም ሲቆረጥ ቅንጭብና ቁልቋል ይቅር፤ ነጩ ፈሳሽ ዓይን ያቃጥላል። ሽማግሌ ትንሽ ነው የሚበላው፤ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ለስላሳ ነፍሳት ይበቁታል። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ በርበሬ ልሞ ፌንጣው ላይ ቢነሰነስ ካልሲየም ነው። ቫይታሚኑን ግን በግምት አትጨምሩ። ሲበዛም ይጎዳል።

ሐኪምስ? የአካባቢያችን የእንስሳት ሐኪም ውሎው ከከብት፣ ከበግ፣ ከዶሮና ከአህያ ጋር ነው። እስስት ይዞ የመጣ ሰው ሲያይ ቢገረም አያስቀይምም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ደብተሩ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። የክብደት ቁጥር፣ የበላበትና ያልበላበት ቀን፣ ጠዋትና ማታ የተነሳ ፎቶ፣ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ትኩስ ኩስ ይዞ መሄድ። የበግን የሆድ ትል የሚያይ ማይክሮስኮፕ የእስስትንም ያያል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዝቶ በራስ መስጠት ግን አደጋ ነው። የበሬ መርፌ ልኩ ለ300 ኪሎ ነው፤ ይኸኛው በግራም የሚለካ ነው። ጄንታማይሲን የመሰለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ውሃ የጠማውን እንስሳ ኩላሊት ይጨርሳል።

ቤቱም ከእሱ ጋር ያርጅ። ከፍ ያለው መውጫ ዝቅ ይበል። ቅርንጫፉ ወፈር፣ ሸካራ፣ አግድም ይሁን። የቡና ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፤ ሻካራ ገመድ ቢጠመጠምበት ደግሞ ደካማ እግር ይይዘዋል። ታች ደረቅ ቅጠል በዛ አድርጎ ማንጠፍ ነው፣ ቢወድቅ እንዳይሰበር። ማታ በባትሪ አንድ ጊዜ ይታይ። ደህና የሆነ እስስት ቀለሙ ነጣ ብሎ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ፣ ቅርንጫፍ ላይ ይተኛል። መሬት ላይ የተኛ እንደሆነ በማግሥቱ ሐኪም ነው።

መብላት ካቆመ፣ መጨበጥ ካቃተው፣ ሐኪሙም ተስፋ የለውም ካለ፣ በመድኃኒት ሳይሰቃይ እንዲያርፍ መጠየቅ ይቻላል። ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ማቀዝቀዝ ግን ጭካኔ ነው፤ ማንም ቢመክር አይደረግ። በብርድ ወራት ንጋት ላይ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢገኝም ወዲያው አይቀበር። ብርድ ያደነዘዘው እስስት የሞተ ይመስላል፤ ልቡም በጣም ዝግ ብላ ነው የምትመታው። ጥላና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ቦታ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ፣ እሳት ሳያስጠጉ፣ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ነው። እስከ ማታ ይጠበቅ። አንድ ዓይኑን ካዞረ ሃይላንዱ ይሰቀልለት።