«ነቅዬው ብገላገልስ?»፦ ስለ ጥርስ ክራውን ዋጋ የሚወራውና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የጥርስ ነገር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ብር ይዞራል። አንዱ «ለአንዲት ጥርስ ይህን ያህል?» ይላል። ሌላው «የአክስቴ ልጅ በግማሹ ነው ያስደረገችው» ይላል። ቀጠሮው እንዲሁ ያልፋል።

ክራውን ማለት የተጎዳን ጥርስ ከላይ ጀምሮ እስከ ድዱ ድረስ ዙሪያውን የሚያለብስ ጠንካራ ሽፋን ነው። «ካፕ» የሚሉትም አሉ። ዋጋው ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። የሚያንገበግበኝ ግን ሊድን የሚችል ጥርስ በተሳሳተ ወሬ ሲጠፋ ማየት ነው።

«ማስነቀል ይረክሳል»

የዕለቱን ወጪ ብቻ ካየን እውነት ነው፤ በጣም ይረክሳል። ሂሳቡ የሚለወጠው ከነቀልን በኋላ ነው።

ጥርስ ሲነቀል ግራና ቀኙ ያሉት ጥርሶች ቀስ እያሉ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ከላይ ወይም ከታች ይገጥመው የነበረው ጥርስ የሚያርፍበት ስለሚያጣ እየረዘመ ይመጣል። ሥሩን አቅፎ የነበረው የመንጋጋ አጥንትም ይሳሳል። በተፈጠረው ክፍተት ምግብ እየተወተፈ፣ ጤነኛ የነበረው የጎን ጥርስ መበስበስ ሊጀምር ይችላል።

ከዓመታት በኋላ ሰውየው ተመልሶ «ይህን ቦታ ሙሉልኝ» ይላል። አንዱ አማራጭ ብሪጅ ነው። ለአንዲት የጎደለች ጥርስ ሲባል ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን ይለብሳሉ፤ መሐል ላይ ሰው ሠራሿ ትያያዛለች። የሚከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ጥርስ ነው። ሌላው ኢምፕላንት ነው። የታይታኒየም ብሎን አጥንቱ ውስጥ ይተከላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወራት ተጠብቆ በላዩ ላይ ክራውን ይደረጋል። ያው ክራውን ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ያውም ከቀዶ ሕክምና ጋር። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁሉም ይረክሳል። ግን ቆሎና ሥጋ ላይ የራስን ጥርስ አይተካም።

ማስነቀል ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሥሩ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ከድድ በታች ጠልቆ የበሰበሰ፣ ወይም አጥንቱ አልቆ የሚወዛወዝ ጥርስ ላይ ክራውን መሥራት ብር ማባከን ነው። ሐኪሙ «ይህ አይድንም» ካላችሁ ራጁን አሳዩኝ በሉ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

«ሩት ካናል ተሠርቶልኛል፣ ሕመሙም ቆሟል፤ ክራውኑ ትርፍ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሩት ካናል ማለት የታመመውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ ውስጡን አጽድቶ መድፈን ነው። ሕመሙ የቆመው ውስጡ የነበረው የታመመ ነርቭ ስለወጣ ነው። ጥርሱ ግን አልጠነከረም። መጀመሪያ በብስባሴው ተቦርቡሯል። ከዚያ ሐኪሙ ነርቩ ጋ ለመድረስ ከላይ ከፍቶታል። የቀረው ግድግዳ ስስ ነው፤ ውስጡ እንደተቦረቦረ ግንድ ነው የሚሆነው።

በዚያ ላይ የማኘክ ጫናው የሚያርፈው በመንጋጋ ጥርሶች ላይ ነው። ቆሎ ስንቆረጥም ወይም አጥንት ስንግጥ የጥርሱ ጫፎች ወደ ውጭ ይገፋሉ። ክራውኑ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ይህን ለመከላከል ነው። ሳይለብስ የተተወው መንጋጋ አንድ ቀን «ቀጭ» ይላል። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ መነቀል ነው። ለሩት ካናሉ የተከፈለው ብርም አብሮ ሄደ።

ከመተማ፣ ከደባርቅ ወይም ከቆላ ድባ ለሕክምና የሚመጣ ሰው እዚህ ላይ በጣም ይጎዳል። ሕመሙ ሲቆም ወደ አገሩ ይመለሳል። የእርሻው ወቅት ይደርሳል። «ሲመቸኝ እመጣለሁ» ይላል። ጥርሱ ላይ የተደረገው ጊዜያዊ ሙሌት ግን ለሳምንታት እንጂ ለወራት የተሠራ አይደለም። ሲሸረሸር ጀርሙ ተመልሶ ይገባና የተሠራው ሥራ ሁሉ እንደ አዲስ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ሩት ካናል ከመጀመራችሁ በፊት የክራውኑን ዋጋና ቀን አብራችሁ ተነጋገሩ።

ይህ ሲባል ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ሁሉ ክራውን ይፈልጋል ማለት አይደለም። የፊት ጥርስ አብዛኛው አካሉ ካልተጎዳ ጥሩ ሙሌት ሊበቃው ይችላል። «በሙሌት ብቻ ቢቀርስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም ምክንያቱን ያስረዳችኋል።

«ያው ክራውን ነው፤ ዋጋው የሚለያየው ሊበሉን ነው»

አንዳንዴ በእርግጥ የተጋነነ ዋጋ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ግን የምናወዳድረው የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ክሊኒክ የሽፋኑን ብቻ ይናገራል። ሌላው ራጁን፣ ሩት ካናሉን፣ የፈረሰውን አካል መልሶ መገንባቱንና ጊዜያዊ ክራውኑን ደምሮ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ውድ ይመስላል፤ በመጨረሻ ግን ከመጀመሪያው ሊያንስ ይችላል። ዋጋ ስትጠይቁ «ምን ምን ያካትታል?» በሉ። በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ልኩ ከተወሰደ በኋላ ሽፋኑ የሚሠራው በጥርስ ላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ከሆነ ሥራው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ ሲመጣ ባይገጥም እንደገና የማሠሪያው ወጪ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

የአክስት ልጅን ዋጋ ስንጠቅስም ዘመኑን እናስታውስ። ዚርኮኒያው (ጥርስ የሚመስለው ጠንካራ የክራውን ማቴሪያል)፣ ልክ መውሰጃው፣ ማጣበቂያው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተከፈለ ዋጋ ዛሬ መለኪያ አይሆንም።

«ወርቅ ወይ ዚርኮኒያ ካልሆነ አይረባም»

ለማይታየው የኋላ መንጋጋ በሙሉ ብረት የሚሠራ ክራውን ጠንካራና ዘላቂ ነው። ሲሠራም ከጥርሱ የሚሞረደው ያነሰ ነው። ውስጡ ብረት ላዩ ፖርሴሊን (እንደ ሸክላ ያለ ጥርስ መሳይ ልባስ) የሆነው ለብዙ አሥርት ዓመታት አገልግሏል። ችግሩ ፖርሴሊኑ ሊሸረፍ፣ ድዱ አካባቢም ጠቆር ያለ መስመር ሊታይ ይችላል። ዚርኮኒያ ጠንካራ ነው፤ መልኩም ጥርስ ይመስላል። ምርጫው እንደ ጥርሱ ቦታና እንደ አቅማችሁ ነው። የአንገት ሐብል ወይም የጆሮ ጌጥ የሚያሳክካችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ አንዳንዱ የክራውን ብረት እንዲህ የሚያሳክክ ኒኬል አለበት።

የወርቅ ቅይጥ ጥሩ ማቴሪያል ነው፤ የሚገጥመውን ጥርስም አይሸረሽርም። ሆኖም ጤነኛ ጥርስን ለጌጥ ብሎ ማስሞረድ ሌላ ጉዳይ ነው። ለክራውን ሲባል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የጥርስ አካል ይሞረዳል። ያ ተመልሶ አይበቅልም። ያለ ፈቃድ ወርቅ የሚያለብስ ሰው ጋ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው። ጠርዙ በደንብ ካልገጠመ ጥርሱ ከሥር ይበሰብሳል። ያልተቀቀለ መሣሪያም እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለ በሽታ ያስተላልፋል።

«ክራውን ካደረግሁ አበቃ»

ክራውኑ ራሱ አይበሰብስም፤ ከሥሩ ያለው ጥርስ ግን ይበሰብሳል። በተለይ ድዱ ጋ ያለው ጠርዝ መቦረሽ አለበት። በጥርስ ጠርሙስ መክፈት ይቅር። በእንክብካቤ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያገለግላል። እንበልና አንድ ክራውን 15,000 ብር ተከፍሎበት 12 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 1,250 ብር ይሆናል። ቁጥሩ ለስሌት ያህል ነው፤ የተነገራችሁን ዋጋ አስገቡበት።

«ለወተት ጥርስ ክራውን? ምን ሊረባ!»

የኋለኛው የወተት መንጋጋ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይቆያል። ልጁ 5 ዓመቱ ከሆነ ገና ብዙ ይበላበታል፤ ለቋሚው ጥርስም ቦታ ይጠብቃል። ለልጆች ተዘጋጅቶ የሚመጣ የብረት ክራውን አለ። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል።

«የጤና መድን ደብተር አለኝ፤ ይሸፍንልኛል»

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት የሚደረግ ሕክምናን ከጥቅሉ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ ምርመራው፣ ራጁና ክራውኑ ለየብቻ የትኛው እንደሚሸፈን ሕክምናው ሳይጀመር ጠይቁ። ብሩ አሁን ካልሞላ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። «ይህን ያህል ነው ያለኝ» በሉ። ሐኪሙ ሩት ካናሉን ጨርሶ፣ በጊዜያዊው ፋንታ ጠንካራ ሙሌት አድርጎ፣ ክራውኑን ለተወሰነ ጊዜ ሊያቆይላችሁ ይችል ይሆናል። እስከዚያው በዚያ ጎን ቆሎ አትቆርጥሙ፤ የቀጠሮውንም ቀን ቆርጣችሁ ውጡ።