ቆጮ፣ ቡላ፣ አሚቾ፦ ከአንድ እንሰት ሦስት ምግብ

ቆጮን ከክትፎ ጋር ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሦስት ምግቦች ያምታታቸዋል። ሦስቱም ሙዝ ከሚመስለው ተክል ከእንሰት የሚገኙ ናቸው፤ ፍሬው ግን አይበላም።

አሚቾ ከመሬት በታች ያለው ድብልብል ክፍል ነው። ሳይብላላ፣ ተቀቅሎ ይበላል፤ ለዚህም ለጋው ይመረጣል።

ቆጮ ከተብላላ እንሰት የሚጋገር ቂጣ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለማበብ የተቃረበ እንሰት ተነቅሎ ግንዱ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ የቀረው ጭረት ቃጫ ይሆናል። ከመሬት በታች ያለው ድብልብል ክፍልም ተፈቅፍቆ ከተፋቀው ጋር ይቀላቀልና በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀበራል። ማብላላቱ ሳምንታት፣ በደጋ ወራት ይፈጃል። አየር ከገባው ይሻግታል፤ ስለዚህ ቅጠሉ እየተቀየረ ድንጋይ ይጫንበታል። ሲጋገር ውሃው ካልተጨመቀ ቂጣው ይፈርሳል፤ በውስጡ የቀረው ጭረት በቢላ ደጋግሞ ካልተከተፈ ደግሞ ለማኘክ ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ሙያ በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ሊከበር ይገባል። እንሰት ከደረሰ በኋላ አንድ የመከር ወቅት አይጠብቅም። ስለዚህ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በጌዴኦ ዝናብ በቀረበት ዓመትም ቤተሰብ ከጓሮው ይበላል።

ቡላ ከተፋቀው ተጨምቆ የወጣው ውሃ ሲረጋ ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ ነው። ከአንድ ተክል የሚገኘው ጥቂት ነው። ለገንፎ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡት፤ በቀጥታ ፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል።