የእንቁላል ልገሳ፦ ከባሕር ዳር የምትነሳ ለጋሽ ማወቅ ያለባት

እህቷ ልጅ ፈልጋ ዓመታት የቆጠረች ሴት «የኔን እንቁላል ብሰጣትስ?» ብላ ታስብ ይሆናል። ይህ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። የለጋሿ እንቁላል ይወጣል፣ ከአባትየው ዘር ጋር በላቦራቶሪ ይዋሃዳል፣ ጽንሱም በተቀባይዋ ማህፀን ይቀመጣል። ከሰውነት ውጭ በተፈጠረ ጽንስ የመጀመሪያዋ ልጅ እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የእንቁላል ልገሳም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

በዚህ ሕክምና የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ተቀባይዋ ላይ ነው። ለጋሿ ጤነኛ ስለሆነች «ምን ሆነችና?» ትባላለች። ግን መርፌውን የምትወጋው እሷ ናት። የሚነፋውም ሆድ የእሷ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እንደ ታካሚ ልትታይ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ሕጉ ይቀድማል። አገር ከአገር በጣም ይለያያል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የእንቁላል ልገሳን ከልክላለች። እንግሊዝ ደግሞ ትፈቅዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በተመዘገበ ልገሳ የተወለደ ልጅ ግን 18 ዓመት ሲሞላው የለጋሿን ማንነት ማወቅ ይችላል። ሕክምናው የሚሠራበት አገር ምን እንደሚል ከሐኪሙ አፍ መስማት፣ የምትፈርምበትንም ወረቀት ቤት ወስዳ ማንበብ አለባት። መሃል ላይ ደላላ ከገባ፣ ወይም «ዛሬውኑ ፈርሚ» ከተባለች፣ ትቶ መሄድ ይሻላል።

ለጋሾች አብዛኛውን ጊዜ ከ21 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሴቶች ናቸው። የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ (ቢ እና ሲ) እና የቂጥኝ ምርመራ ይደረጋል። በዘር የሚተላለፍ በሽታም ይጠየቃል። አልትራሳውንዱ እንቁላል በሚገኝባቸው በሁለቱ ኦቫሪዎች ውስጥ ስንት የእንቁላል ከረጢት እንዳለ ይቆጥራል። እዚህ ጋ አንድ ነገር አይረሳ፦ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድ ሴት አስቀድማ ትናገር። መርፌው እንቁላል እንዳይበስል ስለሚያደርግ፣ ከተቋረጠ በኋላም ሰውነት ወደ ቦታው እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በክንድ የሚቀበረውም፣ የባህል መድኃኒቱም ይነገር።

ከዚያ የሆርሞን መርፌ ይጀመራል። በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 14 ቀን፣ ከሆድ ቆዳ ሥር ይሰጣል። በየወሩ ብዙ እንቁላሎች ማደግ ይጀምራሉ፤ አንዱ ይበስላል፣ ሌሎቹ ይከስማሉ። ሆርሞኑ የሚያሳድገው እነዚያን ሊከስሙ የነበሩትን ነው። ስለዚህ «እንቁላሌ ያልቃል፣ ቶሎ አርጣለሁ» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ከመርፌዎቹ አንዳንዶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው። በባሕር ዳር ሙቀት፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ በረዶ ያለበት ቦርሳ አዘጋጅቶ መጠበቅ የግድ ነው።

በእነዚህ ቀናት ኦቫሪው ያብጣል። ከባድ ዕቃ መሸከም፣ መዝለል፣ መሮጥ ይቅር፤ ያበጠ ኦቫሪ ተጠምዝዞ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል። ብዙ እንቁላል አብሮ ስለሚበስል ግንኙነት መፈጸም ያልታሰበ፣ ምናልባትም የመንታ፣ እርግዝና ሊያመጣ ይችላል። ሲጋራ፣ ጫትና አረቄም ይቆዩ። ጾም ላይ ከሆነች ነገሩን ለሐኪሟም ለነፍስ አባቷም ቀድማ ብታማክር ይቀላታል።

የመጨረሻው መርፌ ሰዓት ዝንፍ አይልም። እንቁላል የሚወጣው ከዚያ መርፌ 34 እስከ 36 ሰዓት ቆይቶ ነው። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ካላት፣ መርፌው ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው። ክሊኒኩ በፈረንጅ አቆጣጠር «ማታ 9፡00» ብሎ ጽፎ እሷ በኛ ሰዓት 9 ብትወጋ፣ የስድስት ሰዓት ስህተት ሆኖ ድካሙ ሁሉ መና ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «በኛ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ትጠይቅ፤ ወረቀቱም ላይ ታስጽፍ።

በዕለቱ በባዶ ሆድ ትመጣለች። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣትና ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በብልት በኩል በቀጭን መርፌ እንቁላሎቹን ይስባል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው። አብሯት የሚመለስ ሰው ያስፈልጋታል። ሕክምናው አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በማግስቱ በአውቶቡስ መጀመር አይመከርም። አንድ ሁለት ቀን ታርፍ።

ቤት ስትገባ ትንሽ ደም መታየቱና ቁርጠቱ የተለመደ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ሌላ ክኒን ከመዋጧ በፊት ትጠይቅ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጣና ውስጥ መታጠብም መዋኘትም ይቅር።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። ሆድ በፍጥነት ከተነፋ፣ ክብደት በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ሽንት ካነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትውከት ካላቆመ፣ ኦቫሪው ለሆርሞኑ ከልክ በላይ ምላሽ ሰጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በተለይ ብዙ እንቁላል በወጣላቸው ወጣት ሴቶች ላይ ይታያል፤ ሲከፋም ሆስፒታል ያስተኛል። ትኩሳትም አለ። ባሕር ዳር ወባ ስለማይጠፋበት «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት ገዝቶ ቤት መቀመጥ አለ። ግን ትኩሳቱ እንቁላሉ ከወጣበት ቦታ የመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ መጀመሪያ የምትናገረው «እንቁላል አውጥተውልኝ ነበር፣ ቀኑ ይህ ነው» የሚለውን ነው። የወሰደችው መድኃኒት ስምና የክሊኒኩ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን። የወር አበባዋ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ እስከዚያ ድረስ ወረቀቱን አትጣለው።