ሌዋዊው ቆሬ፦ የምሥራቁ በር ጠባቂና የመባ አከፋፋይ

ቆሬ የዪምና ልጅ፣ ነገዱ ሌዊ፣ ሥራው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የምሥራቁን በር መጠበቅ ነበር። ታሪኩን የምናገኘው በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 31 ቁጥር 14 ላይ ነው። አንድ ቁጥር፣ በቃ። የተሰጠው ኃላፊነት ግን ትልቅ ነው። ሕዝቡ በፈቃዱ ለእግዚአብሔር ያመጣውን የሚያከፋፍለው እሱ ነበር።

ስሙን ሲሰሙ በሙሴ ላይ ያመፀው ቆሬ ትዝ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸውም ብዙ መቶ ዓመታት አሉ። በአማርኛ ስማቸው አንድ ይምሰል እንጂ በዕብራይስጥ የዐመፀኛው ስም በሔት፣ የበር ጠባቂው በአሌፍ ያልቃል። ይህኛው ቃል ቆቅ የተባለችው ወፍ መጠሪያም ነው።

ዘመኑ የንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። ሕዝቅያስ በ25 ዓመቱ በይሁዳ ላይ ነግሦ 29 ዓመት ገዛ። አባቱ አካዝ የቤተ መቅደሱን በሮች ዘግቶ ነበር፤ ልጁ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት ከፈታቸው። ካህናቱና ሌዋውያኑ በሕጉ ሥራ እንዲጸኑም ሕዝቡ ድርሻቸውን እንዲሰጥ አዘዘ። ሕዝቡ እጁን አልሰበሰበም። እህል፣ ወይን፣ ዘይትና ማር፣ የበሬና የበግ አሥራት ጎረፈ። ክምሩ በሦስተኛው ወር ተጀምሮ እስከ ሰባተኛው ቀጠለ፤ ከስንዴ አጨዳ እስከ ወይን ለቀማ ማለት ነው። ንጉሡ ስለ ክምሩ ሲጠይቅ ከሳዶቅ ቤት የሆነው ሊቀ ካህናት ዓዛርያስ፣ በልተን ጠግበን ብዙ ተረፈ አለው።

ዕቃ ቤቶች ተዘጋጁ። ኮናንያና ወንድሙ ሰሜኢ ከ10 ረዳቶች ጋር ገቢውን ያዙ። ቆሬ ደግሞ ወጪውን። ለእኔ ከባዱ ይሄኛው ነው። የተሰበሰበን ነገር ቆልፎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ማካፈል ግን ማን ምን እንደሚገባው ማወቅ ይጠይቃል። ከመባው ውስጥ ካህናት ብቻ የሚበሉት እጅግ የተቀደሰ ድርሻም ነበረበት።

ደግሞም ካህናቱ ሁሉ ኢየሩሳሌም አይኖሩም። ኬብሮን፣ ገባዖንና ዓናቶትን ጨምሮ ለአሮን ልጆች የተሰጡ 13 ከተሞች ነበሩ። በካህናቱ ከተሞች ድርሻውን የሚያድሉ 6 ሰዎች ከቆሬ ሥር ተመደቡ፦ ዔድን፣ ሚንያሚን፣ ኢያሱ፣ ሸማያ፣ አማርያና ሴኬንያ። ለትልቁም ለትንሹም እኩል እንዲሰጡ ነበር የታዘዙት። በመዝገብ ከ3 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወንዶች ልጆች ሳይቀሩ ተጽፈዋል። ሚስቶችና ሴቶች ልጆችም አልተረሱም። ሕፃን እንኳ በስሙ ድርሻ አለው፤ እንዴት ደስ ይላል!

በር ጠባቂ ለዚህ ሥራ መመረጡ መጀመሪያ ሊገርም ይችላል። መባ የምንለው ግን በግዕዝ መባእ ነው፤ ገባ ከሚለው ቦአ የወጣ፣ የሚገባ ነገር ማለት ነው። በሩ ላይ የሚውል ሰው የሚገባውን ያያል።

ምዕራፉ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ሲገልጽ ታማኝነትን ደጋግሞ ያነሣል። ከምርኮ መልስ፣ በነህምያ ዘመን፣ ይህ ሥርዓት ላልቶ ነበር። ሌዋውያኑ ድርሻቸውን ሲያጡ አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄዱ። ነህምያ መልሶ ሰበሰባቸው፤ በዕቃ ቤቶቹ ላይም ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅንና ሌዋዊውን ፈዳያን ሾመ፣ ሐናንንም ረዳት አደረገላቸው። የመረጣቸው ታማኝ ሆነው ስለተገኙ ነው።