ንባብ ቤት፦ ሕፃናት ግእዝን በዜማ የሚማሩበት ሥርዓት

ንባብ ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከተሜው «ቄስ ትምህርት ቤት» ይለዋል። ገና ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ልጆች እዚህ ገብተው፣ ቤታቸው ማንም የማያወራበትን ግእዝ አጥርተው ማንበብ ይማራሉ። የሚማሩትም በዜማ ነው። ስለ ድጓ (የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ) እና ስለ ቅኔ ሲጻፍ ንባብ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል፤ ያለ እሱ ግን ድጓውም ቅኔውም አይታሰብም።

ትምህርቱ በፊደል ቆጠራ ይጀምራል። የግእዝ ፊደላት 26 ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ ስላለው 182 ይሆናሉ። ልጁ ገበታውን ይዞ፣ ፊደሉን በስንጥር እየነካ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ይወርደዋል። ዜማው ቶሎ ያስይዛል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ልጁ ገበታውን ሳያይ በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ለዚህ አቡጊዳ አለ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ፊደሉም ድምፁም ቦታ ይቀያየራል። የለመደው ዜማ አያዋጣውም፤ ዓይኑን ገበታው ላይ መትከል ግድ ነው።

ቀጥሎ የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ይመጣል፤ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው። ያው አንድ ጽሑፍ በአራት ዓይነት ይነበባል፦ በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድ ንባብ እና በቁም ንባብ። በቁጥር ልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል። በግእዝ ቃሉን ሳይቸኩል እየጎተተ ያነባል። በውርድ ንባብ ድምፁ በዜማ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቁም ንባብ ደግሞ ሳይደናቀፍ ይሄዳል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ውርድ ንባቡ ላይ ነው። ፊደላችን የማይጽፈው ነገር አለ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም፣ ድምፅ የት እንደሚነሳና የት እንደሚወድቅም አያሳይም። «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው መካከሉ ይላላል፣ ሁለተኛው ይጠብቃል። «ቀደሰ» ተነሽ ነው፣ ድምፁ ተነሥቶ ይነበባል፤ ከዚያው ሥር የወጣው «ቅዳሴ» ግን ወዳቂ ነው፣ ድምፁ ወድቆ ይነበባል። ተጣይና ሰያፍ የሚባሉ የአነባበብ ዓይነቶችም አሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ በሕግ ቢነግሩት አይገባውም። በዜማ ሲቀበለው ግን ጆሮው ይይዘዋል፤ ካደገ በኋላም ተሳስቶ ሲነበብ ይቆረቁረዋል።

ለዚህ ነው የኔታ በጆሮ የሚያስተምሩት። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሃያ ልጅ ሃያ ቦታ ይጮኻል፤ አንዱ ፊደል ላይ፣ ሌላው ዳዊት ላይ ነው። የኔታ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ። ከመምህራኑ ዓይነ ስውራን ብዙ መሆናቸው ይታወቃል፤ መጽሐፉ በቃላቸው ነው። ከፍ ያለው ልጅ ለታናሹ ያስቀጽላል፣ ማለትም እየመራ ያስነብበዋል። ማታ ማታ የቃል ትምህርት አለ፤ ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ተከፍሎ ያለ መጽሐፍ ይያዛል። ማብቂያው 150 መዝሙሮች ያሉት ዳዊት ነው። ልጁ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ይደግሳል።

በትውፊት የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ውስጥ የኖረ ሊቅ። እሱ ራሱ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ይቸገር እንደነበር ይተረካል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች የእሱ ናቸው። የዜማ ምልክቶቹን አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) እንዳደራጁ ይነገራል።

ልጁ ያነበበው ይገባዋል ወይ የሚለው ያከራክራል። ተቺዎች «በቀቀን ማሠልጠን ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ትርጉሙን አያውቅም፤ ግሱና አገባቡ የሚመጣው ከፍ ባለው ደረጃ፣ በቅኔ ቤት ነው። ነገር ግን ቅኔ ቤት የሚገባው ተማሪ የቋንቋውን ድምፅ ጨርሶ ይዞ ነው የሚገባው። ትርጉም በኋላ ይደርሳል፤ አነባበብ ግን በልጅነት ካልተያዘ ጉልምስና ላይ ማቅናቱ ከባድ ነው።

በወሎ፣ በሐረርና በጅማ የቁርኣን ቤቶችም ልጆች ለውህ (የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳ) ይዘው ዐረብኛን በዜማ ይቀራሉ።

በዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት መዝሙር ያስያዘው እንግሊዝኛን ነው። የፊደል መዝሙሩ እ.ኤ.አ. በ1835 ቦስተን ላይ የታተመ ሲሆን፣ ዜማው የቆየ የፈረንሳይ ዜማ ነው። «ኤል ኤም ኤን ኦ ፒ» ተጣብቆ ስለሚዘመር ብዙ ልጅ አንድ ፊደል ይመስለዋል። የኔታ ቢሆኑ ወዲያው በቁጥር ያስነብቡት ነበር።

አሜሪካና አውሮፓ የተወለዱ ልጆች ዘንድ ዜማው ዛሬም ይሠራል። አማርኛ የሚያቅተው ልጅ ካህኑ «ሰላም ለኩልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ በዜማ ይመልሳል። እዚህ አገር ቤት በከተማ ልጆች ክረምት ክረምት ቄስ ትምህርት ቤት ይላካሉ። መላካቸው ደግ ነው። ግን ሁለት ወር ከፊደል ብዙም አያሳልፍም፤ ውርድ ንባቡ ይዘለላል። ከዚያ በኋላ ግእዙን እንደ አማርኛ ያነቡታል፣ ተነሹንም ወዳቂውንም እኩል ይጥሉታል። ክረምቱ ካነሰ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ቢያንስ ፊደለ ሐዋርያን በአራቱም ንባብ ማስጨረስ ይገባል።