ከተነባበረ እንጨት ደጋን መሥራት፦ በድሬዳዋና በሐረር አየር

ጥጥ የሚነደፍበትም ፍላጻ የሚወረወርበትም በአማርኛ ደጋን ይባላል፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው። ተነባባሪ ደጋን ከአንድ ዘንግ ተጠርቦ አይወጣም። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ጣውላ በኮላ ይደራረብና ከደረቀ በኋላ እየተፋቀ ይገራል። ቀስተኝነት ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነቶች ማያ የሚባሉት ሰዎች በመርዛማ ፍላጻቸው ይፈሩ ነበር። እንጨት አነባብሮ መለጠፉ ግን የሐረርጌ ነባር ሙያ አይደለም፤ የሚጠይቀው የአናጺ መሣሪያና የአናጺ ትዕግሥት ነው።

በዚህ አካባቢ ሥራውን የሚፈትነው አየሩ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመኪና የሚለያያቸው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቆላው ሙቀት የተበላሸ ደጋን ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው እንጨቱ ነው፤ ሲመረመር ግን ጥፋቱ የኮላው ወይም የአደራረቁ ሆኖ ይገኛል።

ጀርባ፣ ሆድና ልብ

ወደ ዒላማው የሚያየው ገጽ ጀርባ፣ ወደ ተኳሹ የሚያየው ሆድ ነው። አውታሩ ሲሳብ ጀርባው ይወጠራል፣ ሆዱ ይጨመቃል። መካከለኛው ልብ ከሁለቱም ቢድንም፣ ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተቱ የሚታገሉት እዚያ ስለሆነ ኮላውን የሚፈትነው እሱ ነው።

ለጀርባ ቀርቀሃን የሚያህል የለም። የሚፈለገው የደጋው ቀርቀሃ ነው። የቆላው ባብዛኛው ውስጡ ድፍንና ቀጭን ስለሆነ ሲሰነጠቅ ጀርባው በጣም ይጎብጣል። ቀርቀሃው ሳይቀጠል 175 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የሚላገው በውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ ጥንካሬው ያለው ቆዳው ሥር ባሉት ጭረቶች ስለሆነ ውጩ አይነካም። አንጓዎቹ ጎላ ብለው ይተዋሉ እንጂ ከቀሪው ጋር እኩል አይደረጉም፤ አንጓው ላይ የተላገ ቀርቀሃ የሚሰበረው እዚያው ነው። ውፍረቱ መሐል ላይ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጫፍ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ ከወፈረ ጀርባው ሆዱን ያሸንፍና ሆዱ ይጨማደዳል።

ለሆድ ወይራ ጥሩ ነው። ከባድ ነው፣ መጨመቅንም ይችላል። ቀጥ ያለ ረጅም ወይራ ማግኘት ግን ያስቸግራል፤ የንብርብር ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሆዱና ልቡ ከሁለት አጭር ቁራጭ ሊሠሩ ይችላሉ። ከአንድ ጣውላ ጎን ለጎን የተሰነጠቁ ሁለት የ90 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች ለሁለቱ ክንዶች፣ ማለትም ከመያዣው ወዲህና ወዲያ ለሚጎብጡት ክፍሎች ይሆናሉ፤ መጋጠሚያቸው መያዣው ሥር ይደበቃል። ለልብ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው ጽድ ይሆናል። ጽድ ለመቁረጥ ገደብ ያለበት ዛፍ ስለሆነ ከፈረሰ ቤት የወጣውን መግዛት ይሻላል፤ እሱማ ለዓመታት ደርቆ የጠበቀ ነው። ዋንዛ ለጠረጴዛ ይሁን፤ ለዚህ ለስላሳ ነው። ለመያዣው ደግሞ በድሬዳዋ ዙሪያ ሞልቶ የተረፈው ፕሮሶፒስ አለ። አርብቶ አደሩን ያማረረ ወራሪ ዛፍ ቢሆንም እንጨቱ ጠጣርና ሲደርቅ እምብዛም የማይኮማተር ነው። አጭርና ጠማማ መሆኑም 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለሚፈልግ መያዣ አያሳስብም።

ድርቀት

ለደጋን የሚሻለው የእርጥበት መጠን ከ8 እስከ 10 በመቶ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን እንጨት ወደ 12 በመቶ፣ 40 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 7.5 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በሐረር ክረምት የተሰናዳ ጣውላ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ደጋኑ ተስቦ ሲለቀቅ እንደጎበጠ ይቀራል። በድሬዳዋ በጋ የተሰቀለው ደግሞ ከልክ በላይ ይደርቅና ጀርባው ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚገኘው ዓይነት ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን። ጣውላው በስሱ ተላግቶ በጥላ ይቀመጥና በየሳምንቱ ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ሦስቱም ንብርብር አንድ ክፍል ውስጥ አብረው መክረም አለባቸው። አንዱ ደረቅ ሌላው እርጥብ ሆኖ ከተለጠፈ ክንዱ በኋላ ይጠማዘዛል።

ኮላ

ማስቲሽ ለጫማ ነው፤ ደርቆም እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ ንብርብሮቹ ይንሸራተታሉ። የአናጺው ነጭ ኮላ ወንበር ይይዛል፤ ደጋን ላይ ግን ጫና ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይሳባል፣ በሙቀትም ይለሰልሳል። የሚመረጠው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኤፖክሲ፣ ሁለት ክፍሎች ሲቀላቀሉ የሚጠነክረው ማጣበቂያ ነው። የ5 ደቂቃው አይሆንም፤ ቀብቶ ሳይጨርሱ ይጠነክራል።

ሁለቱ የኤፖክሲ ክፍሎች በሚዛን እንጂ በዓይን ግምት አይቀላቀሉም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመጠንከሩ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋልና፣ በ25 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት የሚያሠራው በድሬዳዋ ቀትር በ35 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ቢያሠራ ነው። ስለዚህ ሥራው ጎሕ ሲቀድ ይሠራል፤ ውህዱም ኩባያ ውስጥ ተከምሮ በራሱ ሙቀት እንዳይፈላ ሰፊ ሳህን ላይ ይገለበጣል።

የሚጣበቁት ገጾች በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ይደረጋሉ። ወይራ ቅባት ስላለው በአሴቶን ሁለቴ ተወልውሎ በዚያው ሰዓት ይቀባል። ደጋኑ ቅርጽ እንዲይዝ የሚታሰርበት ፎርማ ላይ እንዳይጣበቅ ፌስታል ይነጠፋል፤ ሁለቱ ጫፎች በ4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጀርባ በኩል እንዲቃኑ ተደርጎ ይታሰራል። ብዙ ሞርሳ ለሌለው የብስክሌት ከመነዳሪ አለ። በ3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተቆርጦ ከመሐል ወደ ጫፍ ሲጠመጠም ጫናው ከሞርሳ ይልቅ ይስተካከላል። እጅግ ማጥበቅ ግን ኤፖክሲውን ጨምቆ ያስወጣና መጋጠሚያውን ደረቅ ያስቀረዋል።

ከ24 ሰዓት በኋላ ጠንካራ ይመስላል፤ አላለቀም። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ተራ ኤፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከፎርማው ሳይወጣ በኮምፔርሳቶ ሣጥን ውስጥ፣ ባለ ክር አምፖሎች በርተውበት፣ ቴርሞሜትር እየታየ በ60 ዲግሪ ገደማ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ይህን የዘለለ ሰው ደጋኑ አንድ ቀን በራሱ ሲላቀቅ ያየዋል።

መግራት

ሙሉ ሲሳብ የ20 ኪሎ ጉልበት ለሚጠይቅ፣ አውታሩ 71 ሴንቲ ሜትር ለሚሳብ ደጋን ርዝመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ክንዱ መያዣው አጠገብ 34 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ጫፉ ላይ ወደ 12 ይጠባል። የአውታሩ ቦይ በጎንና በጎን ብቻ በክብ ሞረድ ይፈለፈላል፤ የቀርቀሃውን ጀርባ አቋርጦ የሚያልፍ ቦይ ጫፉን ያስገነጥላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ከሆዱ እየፋቁ ማየት ነው። ጥንካሬ ከስፋት ጋር በቀጥታ፣ ከውፍረት ጋር ግን በሦስተኛ ደረጃ ይሄዳል፤ ውፍረቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ጥንካሬው 27 በመቶ ይወርዳል። ሞረድ በቶሎ የሚያጠፋውም ለዚህ ነው፤ ወደ መጨረሻው የመስታወት ስባሪ ወይም መፋቂያ ይበቃል። ደጋኑ ግድግዳ ላይ በተቸነከረ መደገፊያ ላይ ይቀመጥና በፑሊ በኩል በገመድ ይሳባል፤ ሠሪው ራቅ ብሎ የሁለቱን ክንዶች ጉብጠት ያያል። ከእያንዳንዱ ፍቀት በኋላ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ቀለል አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል፤ እንጨቱ ለውጡን ወዲያው አያሳይም። ከታሰበው 20 ኪሎ በላይ ፈጽሞ አይሳብም፣ ገና ሳይገራም ቢሆን።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ክንድ ከታየ ያ ቦታ አይነካም፤ ግራና ቀኙ ይፋቃል። ሆዱ ላይ በአግድም ፀጉር የሚያካክል መስመር ከወጣ እንጨቱ ተጨማድዷል፤ ያ ክንድ ከእንግዲህ አይድንም፣ ጉልበቱን ቀንሶ ለልጅ ማድረግ ይቻል ይሆናል። ጀርባው ላይ የተነሳ ሰንጣቂ በኤፖክሲና በክር ጥምጥም ሊያዝ ይችላል፣ አንጓ ላይ ካልሆነ።

አውታሩ ከ12 ወይም 14 ክር ዳክሮን (የፖሊስተር ክር) ተገምዶ፣ ሰም ተቀብቶ፣ ከደጋኑ በ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ሲወጠር ከመያዣው የሚርቀው 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ20 ኪሎ ደጋን ፍላጻው 29 ግራም ገደማ ይመዝን። ፍላጻ ሳይኖርበት አውታር መልቀቅ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ክንዶቹ ስለሚመልሰው አዲስ ደጋን በአንድ ጊዜ ሊሰብር ይችላል።

በመጨረሻ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ ቫርኒሽ ግን እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የወረደ ደጋን ሲደርቅ ለመሳብ ይከብዳል፣ በክረምት ወደ ሐረር የወጣውም ይላላል። ስለዚህ አውታሩ ወልቆ፣ ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ይጓዛል፤ እደረሰበት ቦታም ሁለት ሳምንት ከርሞ፣ የመሳቢያ ጉልበቱ እንደገና ተመዝኖ፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ ይሳባል።